አራተኛዋ ሴት

ቡታጅራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሰልሚያ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ እንቅልፍሽንም ሙሉ ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ወንድሜ አብዱልሃፊዝ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቁን ሊያሰፋ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። እኔ ከተፋታሁ ወዲህ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አለሁ። ከግድግዳው ማዶ ሌሊቱን የሚያስሉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሲያስሉ ሰው አለ ብዬ እጽናናለሁ።

በዒድ ስትደውዪ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ከብቦ ይሰማል፤ በአንቺም በኩል ማዳምሽ ከጎንሽ አትጠፋም። ስለዚህ የልቤን የምነግርሽ በወረቀት ነው። ይህን ነጋዴዋ ፈቲሀ ልብስ ልትገዛ ወደ ዱባይ ስትሄድ ታደርስልሻለች።

ወሬው ይኸውልሽ፤ ተሾምኩ። አትሳቂ። ብስኩት ፋብሪካችን የሠራተኛ ማኅበር እንዳለው ነግሬሻለሁ። አዲሱ የማኅበሩ ደንብ ከሰባቱ የሥራ አስፈፃሚ አባላት ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ አለ። ኮታ ይሉታል። የጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ውኃ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ይጨበጨባል፤ ለማን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ለካ ለእኔ ነው። በኋላ ሊቀመንበሩን ኡበይድን ለምን እንደመረጡኝ ብጠይቀው፣ «አባትሽ ሀቢቡ ጨዋ ሰው ነበር። አንቺም ድምፅሽ አይሰማም» አለኝ። እያመሰገነኝ ነው እኮ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሰኞ ዕለት ነበር። አጀንዳው ገና ሳይነበብ አራቱም ወንዶች ተስማምተው ጠበቁን። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቅዳሜ ኡበይድ ቤት በርጫ ላይ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠው ጨርሰውታል። ሰኞ የምንሰበሰበው ለመፈረም ነው። እኛ ሦስታችን ሴቶች ፈርመን ወጣን።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ሰው ስሜን ከነአባቴ ሲጠራው የሰማሁት ከኒካሕ ቀን ወዲህ ያን ዕለት ነው። እንደው ብትችዪ አንድ ጥቁር ጫማ ላኪልኝ፤ ትንሽ ተረከዝ ያለው። በሸበጥ አልሰብሰብም።

የወንድምሽ ልጅ ባሂራ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባሂራ ሀቢቡ

ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ። የአባትሽን ነፍስ በጀነት ያኑርልን፤ ይህን ቢሰማ ሦስት ቀን አይተኛም ነበር፣ ከደስታም ከፍርሃትም።

እኔም እንደሱ ነኝ። ደብዳቤሽን ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ በሩ የሚዘጋው እዚያ ብቻ ነው። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ፈራሁ። ስሚኝ፤ ስምሽን ለጌጥ ፈልገውት ከሆነ ለጌጥ ስጫቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ አትነቃነቂ። ሥራሽን ያዢ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ሥራዋ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል።

እኔ እንዳለሁ ነኝ። ማዳም አርጅታለች፤ እጇን ይዤ ነው የማስኬዳት። ቀኑን ሙሉ በዓረብኛ «እሺ» እላለሁ። ማታ ስተኛ በአማርኛ አንድ ሁለት ቃል ለራሴ እላለሁ፤ አፌ እንዳይረሳው ብዬ ነው። ጉራጊኛውማ በሕልሜ ብቻ ነው የቀረው።

ጫማውን ልኬያለሁ። ሻጩ ቁጥርሽን ሲጠይቀኝ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ስሄድ የልጅ እግር ነበረሽ። በገመትኩት ወስጃለሁ። አንቺ ደግሞ ትንሽ ቡላ ላኪልኝ፤ ብዙ ወሬም።

ሰልሚያ


ቡታጅራ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ ሰልሚያ

ዱዓሽ ደርሶኛል፤ የእኔም ይድረስሽ። ጫማው ልክ ነው። ችግሩ ተረከዙ ይጮሃል። ኮሪደሩ ላይ ስራመድ ከሩቅ ይሰማል፣ ቢሮ ስደርስ ወሬው ተቋርጦ ሁሉም ጣሪያ ያያል።

አትነቃነቂ ብለሽኝ ነበር፤ ተነቃነቅኩ። ዘይባን አስታወስሻት? የብስኩት ማሸጊያው ማሽን ላይ አብራኝ የምትሠራው። ወልዳ፣ ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው አገኘች። እሷን ዱቄት መጋዘን ላኳት፤ ጆንያ ታወርዳለች፣ ትጠርጋለች። ጡቷ ወተት እያፈሰሰ። ከእሷ በፊትም ሌሎች እንዲሁ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ጥለው ሄዱ። እኔ በኮሚቴው የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ ነኝ ከተባልኩ ይህ ካልሆነ ጉዳዬ ምንድነው?

በስብሰባ ባነሳው በቅዳሜው በርጫ እንደሚያልቅ ስለማውቅ፣ ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጫማዬን አድርጌ ኡበይድ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሳፊያ በር ላይ አቅፋ ተቀበለችኝ፤ «አላህ ይስጥሽ፣ ላግዝሽ ብለሽ መጣሽ» አለች። እኔም እሷን ማሳፈር አቃተኝ። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ጓዳ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ሳጥብ አገኘሁት። በግድግዳው ማዶ ኡበይድ፣ «የዘይባ ነገር ይቆይ፤ ማኔጅመንቱን በዚህ አናስቀይም» ይላል። ሙስተፋ የሚባለው የጥገናው ሰውዬ ደግሞ፣ «ባሂራስ ምን ትላለች?» አለ። «ባሂራ ምን ትላለች!» ብለው ሳቁ። ብርጭቆውን አጥቤ ጨርሼ ወጣሁ።

ሰኞ ግን ተናገርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር ይታይ» ተብሎ ተጻፈ።

አሁን የከፋኝ ሌላ ነው። ድሮ ምሳ ከዘይባና ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሳህን ነበር የምበላው። አሁን ስደርስ «ሹሟ መጣች» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። ለአለቆች የማወራ ይመስላቸዋል። ወንዶቹ ደግሞ «የኮታዋ» ነው የሚሉኝ። ከሁለቱም በኩል ሰው የለኝም። ምሳዬን ማሽኔ ጥግ ቆሜ እበላለሁ።

ምንም አትላኪልኝ። ሊሰማሽ ለማይፈልግ ሰው እንዴት እንደሚነገር ካወቅሽ እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ባሂራ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባሂራ

አላህ ይጠብቅሽ። ዘገየሁ። ፈቲሀ ሁለት ጊዜ መጥታ በሩ አልተከፈተላትም።

የጠየቅሽኝን አላውቅም። እኔ ተናግሬ አላውቅም። ያንን ወንበር መልሺላቸውና ምሳሽን ከሰው ጋር ብዪ።

ቡላው ደርሶኛል። አብስዬ ለብቻዬ በላሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በአባትሽ ግቢ፣ ከኮባው አጠገብ ያለችው ክፍሌ እንዴት ናት? ጣሪያዋ ያፈሳል?

ሰልሚያ


ቡታጅራ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። አጭር ደብዳቤሽ አስጨንቆኛል። ደህና ነሽ? ማዳምሽስ?

ወንበሩን መልሺ ብለሽኝ ነበር፤ መለስኩ። ግን አንቺ ባልሽው ምክንያት አይደለም፤ እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የኛ ሴቶች ስብሰባ አይመጡም፤ ቢመጡም አይናገሩም። ባል፣ ወንድም፣ አማች እዚያው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ አዳራሹ ውስጥ ያልሽው ከአንቺ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። እኔም መላ አጥቼ ሳለ የዘይባ አማት እንሰት በደቦ የሚፋቅበት እሑድ ደረሰ። ተረኛዋ እሷ ስለነበረች የማሸጊያው ሴቶች ሁሉ መስቃን ገጠር ወጡ። ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ መፋቂያ ይዤ ከመሃላቸው ተቀመጥኩ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሴት እግሯን ሰቅላ እንሰት ስትፍቅ ወንድ ዝር አይልም። መንገዱ በዚያ ቢሆንበት እንኳ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። በዚያ አገር ሴት ያለ ወንድ ጆሮ የምታወራው እዚያ ብቻ ነው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መብት፣ ስለ ደንብ። ሁሉም ጠፋብኝ። የዘይባን እጅ አየሁት፤ ከጆንያው የተነሳ ተሰነጣጥቋል። «እጅሽን ምን ነካው?» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። እሷ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም እየተቀባበሉ እስከ ዐስር ሰዓት አወሩ። ማልቀስም ነበር፣ ሳቅም ነበር። የሁሉንም ጉዳይ ዘይባ ራሷ «አንቺ ያዢው» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ኡበይድ ሱፐርቫይዘር ሆነ። አለቃ ከሆነ ማኅበሩን መምራት አይችልም። እኔ ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ አልኩ። ሙስተፋ ነው መጀመሪያ የተናገረው፤ «ሦስት ወንበር ተሰጥቷችኋል። አራተኛ ሴት ከየት መጣች?» አለ። ቢያንስ ሦስት ማለት ከሦስት አይለፍ ማለት አይደለም ብዬ ብከራከር፣ የሴቶቹን ወንበር ይዘሽ አትወዳደሪም ተባልኩ። እሱን መልሺና ከወንዶቹ ጋር እኩል ቁሚ አሉኝ። መለስኩላቸው። በእኔ ቦታ ከማሸጊያው ሌላ ሴት ገባች።

ምርጫው ሚያዝያ ላይ ነው፤ እጅ በማውጣት። ተወዳዳሪው ሙስተፋ ነው። ከተሸነፍኩ የኮሚቴ አባልነቴም የለም፣ መከታም የለኝም፤ ከዘይባ ጎን ጆንያ ላይ ታገኚኛለሽ። እፈራለሁ፣ አክስቴ። ፍርሃቴን የምነግረው ሰው ስለሌለ ለአንቺ ጻፍኩት።

ባሂራ


ሻርጃ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀቢቡ ልጅ

አላህ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ክፍሌ አንድ ቃል የለበትም። ገባኝ፤ አትጨነቂ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ማዳም ሞተች። ባለፈው ስጽፍልሽ ሞታ ነበር፤ እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አጥቤያት፣ አብልቻት፣ የሞተች ዕለት ለቅሶ የመጡት ሴቶች ውስጥ እንድቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ጓዳ ሆኜ አለቀስኩላት። ልጆቿ ቤቱን ሲካፈሉ ምንጣፉ ለአንዱ፣ መኪናው ለአንዱ፣ እኔ ለልጅቷ ደረስኩ። ከግቢው አውጥታ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማዋ ወሰደችኝ። የምተኛው ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነው። ያኔ ነው ስለ ክፍሌ የጠየቅኩሽ። የራሴ የምለው ጣሪያ በዚህ ዓለም ላይ እንዳለ ለማወቅ ነበር።

ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ማዳም ክፉም ብትሆን ስሜን ትጠራኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ፎቁ ላይ እንደኔ ያሉ ሴቶች አሉ። ቆሻሻ ለመጣል ስንወርድ ደረጃው ላይ እንገናኛለን፤ ስምንት ነን። ሁለቱ የኛው አገር ልጆች፣ የኡጋንዳ፣ የፊሊፒንስ፣ የሌላም አገር አሉ። አንዳችንም የዕረፍት ቀን የለንም። ዓረብኛ የማውቀውም በዕድሜ የምበልጠውም እኔ ስለሆንኩ፣ አርብን እንድናርፍ አሠሪዎቹን እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። አልችልም ብዬ የቆሻሻ ላስቲኬን ጥዬ ወጣሁ።

ያ ከንቱ ምክሬ ይቅርብሽ። ተወዳደሪ። ለእኔም ንገሪኝ፤ ሰው ፊት ስትቆሚ የመጀመሪያውን ቃል እንዴት አወጣሽው?

አክስትሽ ሰልሚያ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ

አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ለማዳምሽ እኔም እዚህ ሆኜ የቁርኣን ፋቲሓ ቀራሁላት፤ ለእሷ ብዬ ሳይሆን አንቺ ስላለቀስሽላት።

ክፍልሽ የለችም። ወንድሜ አብዱልሃፊዝ አፍርሶ ሱቁን አሰፋባት። ባለፈው ልነግርሽ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ምርጫው እንዲህ ሆነ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ኡበይድ ከአለቆቹ ጋር ፊት ተቀምጧል። ምርጫውን የሚያስፈጽመው ግሩም የሚባል ከሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽኑ የመጣ ሰው ነው፤ የአገራችንን ነገር አያውቅም። ድምፅ በወረቀት ይሁን ብዬ ጠየቅኩ፤ ጉባኤው እምቢ አለ። የሙስተፋ ተቆጠረ፤ ብዙ ነው። ከዚያ «ባሂራ ሀቢቡን የምትደግፉ» ተባለ። እንሰቱ ጋ ያለቀሱልኝ ሴቶች ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ። አንድ እጅ የለም።

ይህን ጊዜ ዘይባ ልጇን እንዳዘለች ተነሳች። በአገራችን ቋንቋ፣ ከሜዳ ማዶ ሰው እንደሚጣሩት አድርጋ፣ «ወንዶች፣ ፊታችሁን አዙሩ። እንሰት እየፋቅን ነው» አለች።

አክስቴ፣ ዞሩ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ሳያስቡት። ሙስተፋ እየሳቀ ዞረ፤ እናቱ ከልጅነቱ ያስለመደችው ነገር ነው፣ አንገቱ ከእሱ ቀድሞ ታዘዘ። ኡበይድ ብቻውን ሴት ሲያይ ላለመገኘት ዞረ። ወንበር ሲንቋቋ ቆየና አዳራሹ በሙሉ ጀርባ ሆነ። ከዚያ እጆቹ ወጡ። የዱቄት እጅ፣ የተሰነጠቀ እጅ፣ ሂና ያለበት እጅ። ፊታቸውን እንዳዞሩ እጃቸውን ያነሱ ወንዶችም ነበሩ። ግሩም ግራ ገብቶት ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ሙስተፋ በኋላ፣ «ፊት ማዞር ደንቡ ውስጥ የለም» ብሎ ተቃወመ። ግሩም ደንቡን ገለባብጦ፣ «አለማዞርም የለም» አለ። አሸነፍኩ።

ወንዶቹ አሁንም ቅዳሜ በርጫቸው ላይ ናቸው። ስብሰባውን ረቡዕ ምሳ ሰዓት አደረግኩት። አንዳቸውም አልመጡም፤ ሰው ካልሞላ አይካሄድም ብለው ነው። ሦስቱ ሴቶችና እኔ አራት ነን፤ ከሰባት አራት ይበቃል። ስለ ዘይባ ወስነን ለማኔጅመንቱ ጻፍን። ጥቂት ሲያንገራግሩ ቆይተው ማሽኗ ላይ መለሷት። ከእንግዲህ ወልዳ የምትመጣ ሁሉ ወደ ቦታዋ ትመለስ የሚለውን ገና እየተሟገትንበት ነው።

ግን ስሚኝ። የመረጡኝ ሴቶች እጃቸውን ማን እንዳየው አያውቁም፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር መታየት ይፈራሉ። የምርጫው ዕለት ከበሩ ብቻዬን ወጣሁ። ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላለኝም። ዘይባ እንኳ ባሏ በር ላይ ስለሚጠብቃት በዓይኗ ብቻ ነው የሸኘችኝ። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ሽማግሌው ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ፣ «አባቴ፣ አሸነፍኩ እኮ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። አንቺ አጠገቤ ብትኖሪ ብዬ አለቀስኩ።

የመጀመሪያውን ቃል እንዴት አወጣሽው ላልሽኝ መልሴ፣ ንግግር አታዘጋጂ። እጃቸውን እዪና ምን ነካው ብለሽ ጠይቂ። ክፍልሽ ብትፈርስም የእኔዋ አለች፤ ለሁለት ትጠባለች እንጂ አታስቸግርም። ነይ።

ባሂራ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባሂራ

አልሐምዱሊላህ። እንኳን ደስ አለሽ። ማንም አላለኝም ስላልሽ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ማጠቢያው እየጮኸ ስለነበር አልተሰማብኝም።

ክፍሌ በመፍረሷ አለቀስኩ። አብዱልሃፊዝን አትቆጪው። ይህን ያህል ዓመት ባዶ የኖረች ክፍል የማን ነች ይበል? አንቺ ነይ ያልሽኝን ግን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ በዓረብኛ እንደምንም ብዬ ተረጎምኩላቸው። የፊሊፒኗ እንሰት ምን እንደሆነ ሳይገባት ሳቀች። እጇ ላይ ጠባሳ አየሁ። ምን ነካው አልኳት። እንዳልሽው ነው የሆነው፤ ላስቲካችንን ይዘን ቆመን ቀረን። በመጨረሻ ስምንታችንም በአንድ ማለዳ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን አርብን ልንጠይቅ ተማማልን።

በቀኑ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ቤታቸው ውስጥ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ነገር መሆኑ ትዝ ያላት መሰለኝ። ከዙህር እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ፈቀደችልኝ። ማታ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ሰባቱም አንገታቸውን ደፉ። አንዳቸውም አልጠየቁም። አልተቆጣኋቸውም፤ አንቺም የእነዚያን ሴቶች እጅ ስትጠብቂ እንዲህ ነበር ያለፈብሽ።

የመጀመሪያው አርብ ሲደርስ ለብሼ ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። እስከ መንገዱ ጥግ ሄጄ ተመለስኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብቻዬን የያዝኩት ዕረፍት ከሥራ ይከብዳል፤ አንቺም ወንበርሽ ላይ እንዲሁ እንደሆንሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ቆይቶ የፊሊፒኗ ላስቲክ ይዛ ወረደች፣ ባዶ ላስቲክ ነው። ከዚያ የኡጋንዳዋ። የኛዋ አንዷ ልጅ ከጎኔ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ምን ብለሽ ነው የጀመርሽላት?» አለችኝ። ነገርኳት። የሚቀጥለው ሳምንት እሷም ትጠይቃለች፤ ፈርታለች፣ ግን ትጠይቃለች።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ስልክ ገዛሁ፤ ቁጥሩ ከታች አለ። በእኔ በኩል ከጎኔ ሆኖ የሚሰማ የለም። ረቡዕ ስብሰባሽን መርተሽ፣ ብቻሽን ወጥተሽ፣ ሐሙስን እንደምንም ዋዪና አርብ ደውዪልኝ። ከዙህር በኋላ የራሴ ነኝ።

ሰልሚያ